አጥር ዘላዩ ቦራ

ባለፈው ቅዳሜ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለች ፀጉር ቤት፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ ተቀምጬ ነበር። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ወሬ ያመልጠዋል፤ ዓይኑ ግን ሥራ አይፈታም። ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስፖርት ያሳያል፤ ማንም ልብ ብሎ አያየውም። ድንገት ጥፍር የምትቀባዋም ሹሩባ የምትሠራዋም እጃቸውን አቁመው ወደ ላይ ሲያንጋጥጡ እኔም ቀና አልኩ። የሆነ የፈረንጅ አገር ነው፤ እርጥብ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ብዙ ፈረሶች ተጋፍተው ይጋልባሉ። ፊታቸው የቁጥቋጦ አጥር ይመጣል፤ ይዘላሉ። ከአጥሩ ማዶ ውኃ የሞላ ቦይ አለ። አንዱ ጋላቢ ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተተከለ፤ ፈረሱ ግን ምንም እንዳልጎደለበት ብቻውን ውድድሩን ቀጠለ።

ካስኩን ከፍ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ውይ በሞትኩት! ምን በወጣው!» ትላለች አንዷ።

«እብዶች ናቸው እንጂ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር አንድ ሰው አይተርፍም» አለች ፀጉሬን የምትሠራው ቤቲ።

«ነበረ እኮ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ይኼው ነገር። በፈረስ መሰናክል መዝለል። እዚሁ፣ ወደ ኬራንዮ ወረድ ብሎ። እኔም ዘልያለሁ።»

ቤቲ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ትንሽ አየችኝ። ከዚያ በጣም በአክብሮት፣ «ማዘር፣ ካስኩ ሞቀብዎት መሰለኝ፤ ልቀንስልዎት?» አለችኝ።

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጉልበቷን ይዛ ደረጃ የምትወጣ፣ ግንባሯ ላይ የሰቀለችውን መነጽር ቤት ሙሉ የምትፈልግ ሴትዮ ፈረስ ላይ ሆና አጥር ዘለልኩ ብትል ማን ያምናታል? ልጆቹ አይፈረድባቸውም። ነገሩ ግን እውነት ነው። ፀጉሬ እስኪደርቅ ነገርኳቸው፤ በየመሃሉ ስለሚያቋርጡኝ በወጉ አልጨረስኩትም። እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ገና ብዙ አልቆየም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ኮረሪማ ስመዝን እውል ነበር። አባቴ አቶ አደሎ ይባላል። ከከፋ በወጣትነቱ መጥቶ ኮልፌ የሰፈረ፣ ኮረሪማና ጥምዝ፣ አንዳንዴም ማር ከአገሩ እያስመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሳይቀር ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ዞር ብለው ሳያዩ «የአደሎ ቤተሰቦች መጡ» የሚሉ ነበሩ። አባቴ እዚያ ሽማግሌ ስለነበር ንግግሩ ሁሉ የታሰበበት ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። አማርኛውንም በጥንቃቄ ነበር የሚናገረው፤ ቃል እንዳይሳሳትና እንዳይሳቅበት የሚፈራ ይመስል ከመናገሩ በፊት ትንሽ ያስባል። የአገሩን ቋንቋ የሚናገረው ዘመድ ሲመጣ ነው፤ ያውም በሩን ዘግቶ።

አንድ ድክመት ነበረው፤ ፈረስ። የመርካቶውን ዕቃ የሰው ጋሪ ሊያመላልስለት ሲችል፣ «የራሳችን ቢኖረን ይሻላል» ብሎ አንድ ቀን ፈረስ እየሳበ መጣ። ዳማ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ስለዚህም ቦራ አልነው። እማዬ በር ላይ ቆማ ፈረሱን አየችው፤ ከዚያ አባቴን አየችውና፣ «ለዕቃ ነው ወይስ ለዓይንህ?» አለችው። አባቴ ፈገግ ብሎ ውስጥ ገባ።

ቦራ ጋሪ አይወድም ነበር። ሲታሰር ይቆማል፤ ሲፈታ ይዘላል። ግቢያችን ዙሪያውን በአጣና የታጠረ ነው። ማለዳ ስንነሳ አጥሩ እንዳለ ነው፣ በሩም እንደተቆለፈ ነው፤ ፈረሱ ግን የለም። የት እንደሄደ ለማወቅ ግን ፍለጋ አያስፈልግም። ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ የእትዬ ዘነበች ጎመን ውስጥ ነው።

እትዬ ዘነበች ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከወንዙ ውኃ እየጠለፉ፣ በጋ ከክረምት ጎመን እያለሙ ኮልፌ ገበያ የሚሸጡ የጉራጌ ሴት ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ እጃቸው የማያርፍ። ድምፃቸው ከከተማው ዳር፣ ሳንሱሲ ድረስ ይሰማል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ሰፈሩ ከዶሮ ይልቅ በእሳቸው ነበር የሚነቃው። «አንተ ሌባ! ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!» ይላሉ። ቀጥሎ የተወረወረ ጓል መሬት ላይ ሲፈርስ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሰኮና። ቦራ ያን ድምፅ ከሰማ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ጅራቱን ሰቅሎ፣ የእሳቸውን አጥር ዘሎ፣ የእኛንም ዘሎ ቦታው ላይ ይቆማል። ከንፈሩ አረንጓዴ ሆኖ። እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «አቶ አደሎ፣ እርስዎን ሰው ብዬ ነው ዝም የምለው!» ይላሉ። ዝም ግን ብለው አያውቁም።

አባቴ ያፍራል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ማር ይልክላቸዋል። አጥሩንም ከፍ ያደርገዋል። ቦራም አብሮ ከፍ ይላል።

ጥር ነበር። ኮልፌን በጥር የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ማለዳው የሚቆነጥጥ፣ ቀኑ አቧራ፣ በየሰፈሩ የሠርግ ድንኳን። ሁዳዴ ሊገባ ስለሆነ ደግሞ ለጎመን ሻጭ ዋናው ጊዜ እየመጣ ነው። አንድ ማለዳ ቦራ ለጾሙ የታሰበውን አንድ መደብ ሙሉ አጨደው። ያን ቀን እትዬ ዘነበች አልጮሁም። መጥተው በሩ ላይ ቆሙና፣ «እንግዲህ ምን ልበልዎት?» ብለው ተመለሱ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። አባቴን ከሁሉም ነገር ይልቅ ያ ዝምታ ጎዳው።

«ይሸጣል» አለ።

ገዢው ቀድሞም ነበር። ቆሼ አካባቢ የግንባታ ድንጋይ በጋሪ የሚያመላልስ ሰውዬ ፈረሱን አይቶት ወዶታል። የሰውዬውን ፈረሶች ደግሞ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ጀርባቸው የተላጠ፣ አንገታቸው የወደቀ፣ ዓመት የማይዘልቁ። ቦራን ወንዝ ወስጄ ውኃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ያለ ኮርቻ ጋማውን ይዤ ነበር የምጋልበው፤ ከእኔ በቀር ማንንም ጀርባው ላይ አያስቀምጥም። ፈተና ወድቄ ከሰው ዓይን በምሸሽበት በዚያ ዓመት፣ ከቀኔ የምወደው ያን ወንዝ ለወንዝ የምሄድበትን ሰዓት ብቻ ነበር። አንገቱ ላይ ተለጥፌ አለቀስኩ። እሱ ኪሴን ያሸታል፤ የሚበላ ፍለጋ።

ወሬው ሃምሳ አለቃ ቱሉ ጋ ደረሰ። ሃምሳ አለቃ ቱሉ ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ያገለገሉ፣ ጢማቸውን በየማለዳው በማበጠሪያ የሚያሰልፉ ጡረተኛ ነበሩ። በዚያ ወር ሰፈሩን ሁሉ ያስጨነቁበት አንድ ጉዳይ ነበራቸው፤ ወደ ኬራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ጦሩ ድሮ ያደርገው እንደነበረው የመሰናክል ግልቢያ ሊያዘጋጁ ነው። በርሜል ይለምናሉ፣ አጣና ይለምናሉ፣ ጭድ ይለምናሉ። ያን ዕለት ግን የመጡት ለልመና አልነበረም።

«አቶ አደሎ» አሉ ሳይቀመጡ፣ «ይህን ፈረስ ለድንጋይ ጫኝ ሊሸጡት ነው አሉ። ይህ እኮ ሌባ አይደለም። ዘላይ ነው! በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ፈረስ ቢገኝ ጄኔራሎች ይጣሉበት ነበር።»

«ሰው የተከለውን እየበላ ዘላይ ብለው ምን ይጠቅማል?» አለ አባቴ።

«ቅዳሜ ሳምንት ይምጣና ይዝለል። ካልሆነለት ይሽጡት።»

አባቴ እንደ ልማዱ አሰበ። ከዚያ፣ «እሺ» አለ። «ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አንድም ሳይቀር ሁሉንም መሰናክል ዘሎ መጨረሻው ላይ ከገባ፣ አልሸጠውም። እንቢ ካለ ግን ሰኞ ይሄዳል።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ማን ነው የሚጋልበው?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሴት ልጅ? በሰው ፊት?» አለች እማዬ። «የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ይላል?»

ፈራሁ፤ አባቴ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ፣ «እናቴ ትጋልብ ነበር» አለ። ይህን ነገር ከዚያ በፊት ተናግሮት አያውቅም። እማዬም አልሰማችውም ነበር መሰለኝ ዞራ አየችው። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው የትምህርት ቤት ቱታዋን ትልበስ፤ ከላዩ ቀሚስ ትደርብ» ብላ ፈረደች።

በነጋታው ልምምድ ጀመርን። ሃምሳ አለቃ አጣና በሁለት በርሜል ላይ አጋድመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። «ተረከዝ ዝቅ! ዓይን ወደ ፊት! ልጓሙን አላልተሽ፣ ከፈረሱ ጋር ተነሺ!» ይላሉ። እኔ የተባልኩትን ሁሉ አደርጋለሁ። ቦራ በሶምሶማ ይመጣል፣ አጣናው ጋ ይደርሳል፣ ይቆማል። ዝቅ አደረጉት፤ ቆመ። አጣናውን መሬት ላይ አስተኙት፤ አሸተተውና በጎን በኩል ዞሮ አለፈ። ደግሞ ምሽቱን የእኛን አጥር ዘሎ እትዬ ዘነበች ጋ ያድራል! ሃምሳ አለቃን «እስቲ አንዴ እርስዎ ያሳዩኝ» ብላቸው ጉልበታቸውን አመማቸው።

እንዲህ እያልን ቀኑ አለቀ። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ቦራ ፊት ቆሜ ስለምነው፣ እትዬ ዘነበች ለዕለቱ አቤቱታቸው መጡ። አጣናው ከጉልበቴ አይበልጥም። ቦራ ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ዝለል እያልኩት ነው። አይዘልም።»

«ማን? ይኼ? ይኼ ሌባ?» ሳቃቸው መጣ። «የኔን አጥር እኮ እንደ ወፍ ነው የሚያልፈው!»

«አይ፣ እትዬ ዘነበች፣ እንቢ አለ። ሰኞ ሊወስዱት ነው» አልኳቸው።

አጣናውን አዩት፤ ማዶውን አዩት፤ ፈረሱን አዩት። «ምን ይፈረድበታል» አሉ። «ማዶ ምን አለና ይዘላል?» ብለው ከዘንቢላቸው አንድ እስር ጎመን መዘዙና አጣናውን ዞረው ወዲያ ማዶ ቆሙ። ጎመኑን ነቅነቅ አደረጉት። የቦራ ጆሮ ቀጥ አለ። እኔ ጀርባው ላይ ወጥቼ በቅጡ ሳልደላደል ተነሳ። ከአጣናው በላይ ብዙ ትርፍ አየር ነበር፤ እኔም በዚያ ትርፍ አየር ውስጥ ነበርኩ። መሬት ስንነካ ራሴን ያገኘሁት ጆሮው ላይ ነው። ቦራ ግን ጎመኑን ያኝካል።

«እርስዎ እንዲሸጥ አይደለም እንዴ የሚፈልጉት?» አልኳቸው ሲስቁ።

«ለድንጋይ ጫኝ?» ሳቃቸውን አቋረጡ። «ጎመን በላ እንጂ ሰው አልገደለ!»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሳይጠሩ ይመጡ ነበር። ሃምሳ አለቃ በአንድ በኩል «ተረከዝ ዝቅ!» ይላሉ፤ እትዬ ዘነበች በሌላው በኩል «ና አንተ ሆዳም!» ይላሉ፤ እኔና ቦራ በመሃል እንበራለን።

ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ላይ የወጣውን ሰው ዛሬም አልረሳውም። ከኮልፌ ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ፈትተው፣ ጋማቸው ላይ ቀይ ክር አስረው መጥተዋል። ከኬራንዮ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ባጌጠ ኮርቻ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው መጥተዋል። ከሠርግ የሸሹ ሚዜዎች ሱፋቸውን እንደለበሱ አሉ። ቆሎ ይሸጣል፣ ንፍሮ ይሸጣል፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣል። የኛ ቤተ ክርስቲያን እናቶች ደግሞ «በዚህ በኩል ስናልፍ ነው» በሚል ዓይነት ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ አንዳቸውም ግን አላለፉም። አባቴ መጨረሻው ላይ፣ ለምልክት የተዘረጋው ገመድ ጋ ነው የቆመው። አጠገቡ ድንጋይ ጫኙ ሰውዬ አለ፤ የመጣው ፈረሱን ሊያይ ነው።

መሰናክሎቹ ሜዳውን ዙሪያውን ነበር የተደረደሩት። መጀመሪያ በርሜል ላይ የተጋደመ አጣና፣ ቀጥሎ የጭድ ክምር፣ ቀጥሎ የድንጋይ ካብ፣ ከዚያ ውኃ የተሞላ ቦይ፣ መጨረሻ ላይ የደረቀ እሾህ አጥር። እትዬ ዘነበች አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጎመን ተሸክመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሃል ሜዳ ቆሙ። ሐሳባቸው ገብቶኛል፤ ፈረሱ ዙሪያውን ሲዞር እሳቸው በመሃል እያቋረጡ ይቀድሙታል።

ይህን ያየ አንድ ባለጋሪ፣ «ይኼ ምን ማለት ነው? ጎመን ይዞ መግባት አለ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ክርክር ተነሳ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አነሱ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ስለ ጎመን ያልኩት ነገር የለም።» ጉራቻ የሚባል ጥቁር ፈረስ ላይ የተቀመጠ ገመቹ የሚባል የኬራንዮ ልጅ ከት ብሎ ሳቀና፣ «ተዉአት፤ እኔ የምወዳደረው ከፈረስ ጋር ነው፣ ከጎመን ጋር አይደለም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ክርክሩም በዚያው አለቀ።

ሃምሳ አለቃ ከኮታቸው ስር መለከት አወጡና ነፉ። እንዲህ ያምራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ፈረሶቹ ሁሉ ተነሱ።

የመጀመሪያውን መሰናክል ስንዘል ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ማዶ ማረፋችንን ሳውቅ ገለጥኩት። ቦራ ከእትዬ ዘነበች እጅ አንድ ጉርሻ ነጥቆ ሮጧል። ጭዱ ክምር ጋ ሁለት ፈረሶች ቀሩ፤ ጭዱን መብላት ጀምረው ባለቤቶቻቸው ይደበድቧቸዋል፣ እነሱ ያኝካሉ። እኛ አለፍን። ካቡ ጋ አንዱ ጋላቢ ብቻውን ዘሎ ፈረሱ ወዲህ ቀረ። እኛ አለፍን። በየመሃሉ እትዬ ዘነበች ማዳበሪያቸውን እየጎተቱ፣ «ወዲህ! ወዲህ ነኝ አንተ የማትጠግብ!» እያሉ ሜዳውን ሲሰነጥቁ አያለሁ። ገመቹና ጉራቻ ከፊት ርቀው ሄደዋል።

ቦዩ ግን አስፈራኝ። ውኃው ጭቃማ፣ ዳሩ የሚያንሸራትት ነው፤ አንድ ፈረስ ጋላቢውን ውስጡ ጥሎ ሲሄድ አይቻለሁ። ቦራ አንገቱን አስረዘመ። ከስሬ ጀርባው ሲሰበሰብ ተሰማኝ፤ ከዚያ ምንም ድምፅ አልነበረም። ሰዉም ዝም ያለ መሰለኝ። ከስራችን ሰማዩን ውኃው ውስጥ አየሁት። ያ ቅጽበት እንዲህ ሆኖ የቀረልኝ፣ ምንም ሳላስብ ምንም ሳልፈራ የኖርኩበት ስለነበረ ይመስለኛል። ፈተና የወደቀችው ልጅ እዚያ ላይ አልነበረችም። ማዶ ስናርፍ ጥርሴ ተጋጨ፤ ሳቄ ግን መጣ።

እሾሁንም ዘለልነው። ከዚያ ወዲያ መሰናክል የለም፤ ቀጥ ያለ ሜዳና ገመዱ ብቻ። ገመቹ ገብቷል፤ ሌሎች ሁለት ገብተዋል። እኛም ደረስን። ደርሰን፣ ገመዱን እጄን ዘርግቼ ልነካው ምንም ሳይቀረኝ፣ ቦራ ቆመ።

ቆሞ ያኝካል። ተረከዜን ጫንኩ፤ አይሰማም። «ቦራ፣ በናትህ!» አልኩ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ አባቴ የተናገረውን የሚያውቁት ዝም ሲሉ ቀስ በቀስ ሌላውም ዝም አለ። ድንጋይ ጫኙ ወደ አባቴ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ተናገረው። አባቴ ግን እኔን ያያል።

ዞሬ እትዬ ዘነበችን ፈለግኩ። እየሮጡ ነው፤ ማዳበሪያው ግን ባዶውን ከኋላቸው ይውለበለባል። «አልቋል ልጄ! አልቋል!» ይላሉ እያለከለኩ። ከኋላችን ደርሰው ቆሙ። ደረታቸውን ይዘው ፈረሱን አዩት። እሱም ዞሮ አያቸው፤ እጃቸውን ነው የሚያየው። ያን ጊዜ ምን እንደገባቸው አላውቅም፤ ጎንበስ ብለው አንድ ጓል አነሱና፣ በዚያ ሳንሱሲ ድረስ ይሰማል በሚባለው ድምፃቸው፣

«አንተ ሌባ! ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!»

ቦራ ጅራቱን ሰቀለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጋማውን ብቻ ነው። ገመዱን አልፈን፣ ሰዉን አልፈን፣ የቤተ ክርስቲያን እናቶችን በትነን፣ የኬራንዮ መንገድ ላይ ከአንድ ሚኒባስ ፊት ነበር የቆምነው። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ፣ «ሴትዮ፣ ፌርማታ አይደለም እኮ!» አለኝ።

ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንድ ድምፅ ለይቼ ሰምቼ ነበር። አባቴ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ በከፋ ቋንቋ፣ በሙሉ ድምፁ ይጮኻል። በአደባባይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ማታ «ምን ነበር ያልከው አባዬ?» ብዬ ስጠይቀው፣ ትንሽ አሰበና፣ «አማርኛ የለውም» አለኝ።

ተመልሼ ስመጣ ድንጋይ ጫኙን እያነጋገረው ነበር። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ አይሸጥም» ይለዋል። ሰውዬው ደግሞ፣ «ኧረ እኔም አልፈልገውም፤ ድንጋይ ጭኖ አጥር ቢዘልብኝስ?» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

አራተኛ ነበር የወጣነው፤ ከአራተኛ በኋላ ደግሞ የገባ የለም። እትዬ ዘነበች ቤት ሁላችንም ተሰብስበን ቆጮ በአይብ በላን። ጎመን አልነበረም፤ ፈረሱ ጨርሶታል። አባቴ የማር ብርዝ አመጣ። ሃምሳ አለቃን፣ «መለከቱን እንዲህ መንፋት የት ተማሩት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ጦሩ ውስጥ ነዋ። ሥራዬ ይኼው ነበር» አሉ።

«መዝለሉስ?»

«መዝለሉን ሌሎች ነበሩ የሚዘሉት» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ። «እኔ እነፋላቸው ነበር።»

እትዬ ዘነበች የጎረሱት ትን አላቸው። እኔ ግን አልተቀየምኩም። ተረከዝ ዝቅ፣ ዓይን ወደ ፊት ያሉኝ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ዳር ቆሞ በፍቅር ሲያይ የኖረ ሰውም የሚያውቀው ነገር አለ።

በቀጣዩ ክረምት እትዬ ዘነበች ከአጥራቸው ውጭ፣ በእኛ በኩል፣ አንድ መስመር ጎመን ተከሉ። «የሌባው ነው» ይሉ ነበር ለሚጠይቃቸው። ቦራ ያንን በልቶ ውስጥ ያለውንም አልተወም፤ እሳቸውም መጮሃቸውን አልተዉም። አርጅቶ መዝለል ሲያቅተው ግን በሩን ይከፍቱለት ጀመር። አባቴ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የአገሩ ሰው ሱቅ ሲመጣ በሩን አይዘጋም ነበር።

ይህን ሁሉ ሳወራ ፀጉሬ ደርቆ አልቋል። ቤቲ ሒሳብ ስትቀበለኝ እንኳ ማመኗን እንጃ፤ «ፎቶ የለም?» ብላኛለች። የለም። ያን ቀን ካሜራ የያዘ ሰው አላየሁም።

ታክሲ መያዝ ትቼ በእግሬ ወደ ኬራንዮ ወረድኩ። እንደዚያ ቀን ያስጮኸኝ ነገር በሕይወቴ ብዙ አልመጣም፤ የመጣውም በእርጋታ ነው የመጣው፤ ትዳር፣ ልጆች፣ የራሴ ሱቅ። ወጣቶች ድፍረት ከየት ይመጣል ብለው ሲጠይቁኝ ከራሴ ነው ማለት ያቅተኛል። እኔን ያሻገረኝ በየማለዳው በሬ ላይ መጥቶ ሲቆጣ የኖረ ሰው ነው። ሰው የሚቆጣው ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ሲቸግርህ ሮጦ ለመድረስም የሚቀርበው እሱ ነው። አሁን ያለሁበት ሕንፃ ላይ ጎረቤቴ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ተቆጥቶኝም አያውቅም።

ሜዳው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። በረንዳዎቹ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ልጆች በሲሚንቶው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ዋናው በር ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ስመለከት ወጣቱ ጥበቃ ከወንበሩ ተነሳ።

«እናቴ፣ ሰው ፈልገው ነው?»

«አይ፣ ልጄ። ድሮ እዚህ ጋ ፈረስ ጋልቤ ነበር። በዚህ በኩል ነበር የምናልፈው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ፣ አዲስ የተሠራውን ፀጉሬን ጨምሮ፣ አየኝ። ከዚያ ወንበሩን አንስቶ ወደ ዳር አደረገና፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ።

«ይለፉ እንግዲህ» አለኝ።